«ፈቃድዎ ሊሰረዝ ነው»፦ በእድሳት ወቅት የሚመጡ አሳሳች ማሳሰቢያዎች

ታህሳስ ሲጋመስ ከአያት እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከጀሞ እስከ ካራ ባሉ ሱቆች አንድ ጥያቄ ይበዛል። «ይቺ መልእክት የእውነት ናት ወይስ ሽወዳ?» ስልኩ ከእጅ እጅ ይዞራል። ጎረቤት ያነበዋል፣ የፎቶኮፒ ቤቱ ልጅም ያየዋል። አንዱ «ክፈል፣ በኋላ ታሽገህ ታለቅሳለህ» ይላል። ሌላው «የሌባ ነው፣ አጥፋው» ይላል። ሁለቱም እርግጠኛ ሆነው የሚናገሩት በግምት ነው።

ጉዳዩ በአብዛኛው የሚወራው በሌቦቹ ብልጠት በኩል ነው። ብልጠት መኖሩ አይካድም። ግን አሳሳች ማሳሰቢያ የሚሠራው እውነተኛው አሠራር ራሱ ለነጋዴው ግልጽ ስላልሆነ ነው። የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነ፣ ለማን እንደሚከፈል፣ ምን ሰነድ እንደሚቀድም የማያውቅ ሰው፣ በቀረበለት ወረቀት ላይ ያለውን ቀን፣ ስምና ሒሳብ ቁጥር ከማመን ሌላ አማራጭ የለውም። ስለዚህ ከአታላዩ በፊት ስለ ቀኑና ስለ መንገዱ ማውራት ይሻላል።

ቀኑ ያለው በሕጉ ውስጥ ነው

የንግድ ምዝገባንና ፈቃድን የሚገዛው ዋናው ሕግ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ነው። በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1150 ተሻሽሏል። በዚህ ሥርዓት የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል። ያለ ቅጣት የሚታደስበት ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታህሳስ 30 ነው። ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 ባለው ጊዜም ማሳደስ ይቻላል፣ ግን በቅጣት ነው። በዚህም ጊዜ ያልታደሰ ፈቃድ ይሰረዛል።

ነገሩ ይኸው ነው። ሆኖም ከዚህች አጭር ነገር ብዙ ይወጣል። በኅዳር ወር «የእድሳት ጊዜዎ ነገ ያበቃል» የሚል መልእክት የላከ ሰው፣ ቢሮ ይሁን አይሁን፣ የተናገረው ከሕጉ ጋር አይገጥምም። በጥር ወር «ፈቃድዎ ተሰርዟል፣ ለማስመለስ ይክፈሉ» የሚልም እንዲሁ። በጥር ያላሳደሰ ሰው ቅጣት አለበት እንጂ ፈቃዱ ገና አልተሰረዘም። ግዴታውን የሚፈጥረው አዋጁ ነው። ማሳሰቢያ ቢመጣም ባይመጣም ቀኑ ያው ነው። ቀኑን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ማሳሰቢያ ሲደርሰው የሚጠፋው ነገር ቢኖር ከስልኩ ላይ አንድ መልእክት ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን ሰው ይደነግጣል? እሸጋ ስላለ ነው። የታሸገ ሱቅ ማለት በሩ ላይ ማህተም ያለበት ወረቀት ተለጥፎ፣ ውስጥ ያለው ወተትና ዳቦ እየተበላሸ፣ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ሲሄድ ማየት ነው። በኪራይ ቤት ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሱቁ ተዘጋ ብሎ ኪራዩ አይቆምም። ይህን ያየ ነጋዴ ሁለት ሺህ ብር ከፍሎ መገላገልን ቢመርጥ የሚገርም አይደለም። አታላዩ የሚሸጠው ፈቃድ አይደለም። የሚሸጠው ከእሸጋ የመዳን ተስፋ ነው።

ሁሉም «ፈቃድ» ይባላል

በሱቅ ቋንቋ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሁሉ «ፈቃድ» ነው። በሕጉ ግን የተለያዩ ሰነዶች ናቸው። የንግድ ምዝገባ የምስክር ወረቀት ነጋዴው በመዝገብ መስፈሩን ያሳያል። የንግድ ሥራ ፈቃድ የተወሰነውን ሥራ እንዲሠራ ይፈቅድለታል፣ በየዓመቱ የሚታደሰው ዋናው ጉዳይም ይህ ነው። ቲን የሚባለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ከገቢዎች ነው። የብቃት ማረጋገጫ ደግሞ እንደ ምግብና ጤና ባሉ ዘርፎች የሚመለከተው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ነው።

በእነዚህ መሃል ክሊራንስ አለ። ክሊራንስ ማለት ነጋዴው የሚፈለግበትን ግብር ከፍሎ መጨረሱን ገቢዎች የሚያረጋግጥበት ሰነድ ነው። ያለ እሱ ፈቃድ አይታደስም። ቅደም ተከተሉ ስለዚህ ግብር፣ ክሊራንስ፣ ከዚያ እድሳት ነው። ይህን ቅደም ተከተል ማወቅ ብዙ ያድናል። ግብሩን ያልጨረሰ ነጋዴ «ዛሬውኑ እናድስልዎታለን፣ ክሊራንስ አያስፈልግም» ከተባለ፣ የሚሰጠው ወረቀት ወይ ሐሰተኛ ነው ወይ ጉቦ ያለበት ነው። ሦስተኛ አማራጭ የለም።

ግብሩ ላይ ራሱ አዲስ ነገር አለ። በ2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ሦስቱን የግብር ከፋይ ደረጃዎች ወደ ሁለት አውርዷቸዋል። ደረጃ ሐ የሚባለው ቀርቷል። መለያው ዓመታዊ ገቢ ሁለት ሚሊዮን ብር መድረስ አለመድረሱ ነው። ለዓመታት «እኔ ሐ ነኝ» ሲል የኖረ ባለ ሱቅ አሁን ምን እንደሆነ ቢጠይቁት ብዙ ጊዜ መልሱ ትከሻ መነቅነቅ ነው። ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያም በየአገልግሎቱ እየገባ ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ በመጣ ቁጥር «መረጃዎን ያስተካክሉ» የሚል መልእክት ተአማኒ ይመስላል። የፋይዳ ምዝገባ በነፃ ነው፣ ስለዚህ «ፋይዳዎን ከንግድ ፈቃድዎ ጋር ለማገናኘት ይህን ያህል ብር» ብሎ በግለሰብ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

የከተማዋ ዳር ለምን ይበልጥ ይጋለጣል

መርካቶ ወይም ፒያሳ ያለ ነጋዴ ቢሮውን ያውቀዋል። ጎረቤቶቹ ለሠላሳ ዓመት ያሳደሱበት ቢሮ ነው። የከተማዋ ዳር ግን ሌላ ታሪክ አለው።

አንደኛ፣ አስተዳደሩ ራሱ ተቀያይሯል። ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ አሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ በአካባቢው የነበሩ ነጋዴዎች ቦታቸውን ሳይለቁ አድራሻቸው ተለወጠ። በነሐሴ 2014 በአዲስ አበባና በኦሮሚያ መካከል የአስተዳደር ወሰን ሲለይ አንዳንድ ሰፈሮች ከአንዱ ወደ ሌላው ዞሩ። በ2015 ደግሞ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ገላንና ሌሎችም ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተመሠረተ። ዛሬ በአንድ አስፋልት ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ሱቆች፣ አንዱ በአዲስ አበባ ንግድ ቢሮ ሥር ላለ ወረዳ፣ ሌላው ለሸገር ከተማ መዋቅር ሊታዘዙ ይችላሉ። ማሳሰቢያውም በአንዱ በአማርኛ፣ በሌላው በአፋን ኦሮሞ ይመጣል። አንዱን ቋንቋ ብቻ የሚያነብ ነጋዴ የመጣለትን ወረቀት ለማስነበብ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ እንደ ዕድል ነው።

በዚህ ሁኔታ «አካባቢዎ ወደ አዲሱ መዋቅር ስለተዛወረ ፈቃድዎን እንደገና ያስመዝግቡ» የሚል ደብዳቤ ቢመጣ ማን ይጠራጠራል? የአድራሻ ለውጥ ማስመዝገብ በእርግጥም በሕግ የሚጠበቅ ነገር ነው። ውሸቱ የሚቀመጠው እውነቱ ላይ ተደርቦ ነው።

ሁለተኛ፣ ርቀት አለ። ከአንዳንድ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ተነስቶ ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ሱቁን የሚጠብቅለት ሰው የሌለው ነጋዴ ግማሽ ቀን ዘጋ ማለት የግማሽ ቀን ገቢ አጣ ማለት ነው። ደርሶም «ሲስተም የለም» ሊባል ይችላል። ይህችን ሁለት ቃል ሰምቶ የማያውቅ ነጋዴ ያለ አይመስለኝም። ሲስተም በሌለበት ቀን በር ላይ ቆሞ «እኔ ላስጨርስልህ» የሚል ሰው ግን አይጠፋም።

ሦስተኛው ነገር አዲስነት ነው። የኮንዶሚኒየም ሥር ሱቆች ብዙዎቹ ወጣት ንግዶች ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያሳድስ ሰው የትኛው አሠራር የተለመደ፣ የትኛው እንግዳ እንደሆነ የሚያመሳክርበት ያለፈ ዓመት የለውም።

አንድ መልእክት ሲፈተሽ

ለማሳያ የተቀናበረ አንድ መልእክት እንይ። በአጭር የስልክ መልእክት ወይም በቴሌግራም የመጣ ነው እንበል፦

«ውድ ነጋዴ፣ የንግድ ፈቃድዎ የእድሳት ጊዜ ዛሬ ከቀኑ 11 ሰዓት ያበቃል። ቅጣትና እሸጋን ለማስቀረት 1,850 ብር ከታች ባለው ቁጥር ገቢ አድርገው የከፈሉበትን ፎቶ በቴሌግራም ይላኩ። ንግድ ቢሮ።»

ከሰዓቱ እንጀምር። ሕጉ ቀን እንጂ ከቀኑ 11 ሰዓት የሚል ነገር የለውም። ሰዓቱ የተጻፈው ነጋዴው ለማጣራት ጊዜ እንዳያገኝ ነው። ዕለቱ ታህሳስ 30 ካልሆነ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ከነጭራሹ ውሸት ነው። በነገራችን ላይ አታላዮች ታህሳስን የሚወዱት በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ወር ውሸታቸው ለእውነት በጣም ይቀርባል።

ገንዘቡን እንይ። 1,850 ድፍን ቁጥር አይደለም፣ ስለዚህ ተሰልቶ የመጣ ይመስላል። ግን ምኑ የእድሳት፣ ምኑ የቅጣት እንደሆነ አይናገርም። የመንግሥት ክፍያ የሚጠየቀው ከአንድ ማመልከቻ ጋር ተያይዞ ነው። ያላመለከተ ሰው የሚከፍልበት ማመልከቻ የለም።

«ከታች ባለው ቁጥር» የምትለዋ የመልእክቱ ልብ ናት። የሞባይል ስልክ ቁጥር ከሆነ ተቀባዩ ግለሰብ ነው። ቴሌብር ገንዘብ ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያል። ሰው በጥድፊያ ሳያነብ ያልፈዋል እንጂ፣ ስሙ የሰው ስም ከሆነ ገንዘቡ ወደ ሰው ኪስ ነው የሚሄደው። ባንክም ሲሆን እንዲሁ ነው፣ ገቢ ከማድረግ በፊት የሒሳቡን ባለቤት ስም ማየት ይቻላል። «የሒሳብ ሹማችን ቁጥር ነው»፣ «ለጊዜው የቢሮው ሒሳብ ችግር ገጥሞት ነው» የሚሉት ምክንያቶች ተቀባይነት የላቸውም።

የፎቶው ጥያቄስ? ገንዘብ የተቀበለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው ደረሰኝ መስጠት ያለበት። እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጦ ከፋዩ ለተቀባዩ ማስረጃ እንዲልክ ይጠየቃል። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ላኪው የትኛው መረብ ዓሣ እንደያዘ ማወቅ ይፈልጋል። አንዴ የከፈለ ሰው ከቀናት በኋላ «ቀሪ ሂሳብ አለብዎት» የሚል ሌላ መልእክት ሊመጣለት ይችላል።

በመጨረሻ ፊርማው። «ንግድ ቢሮ» የቱ? የከተማው፣ የክፍለ ከተማው፣ የወረዳው? ሸገር ነው አዲስ አበባ? በወረቀት በሚመጡት ላይ ደግሞ ሌላ ስህተት ሊታይ ይችላል። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ከ2014 ጀምሮ ስሙ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። ዛሬ ተጻፈ የተባለ ደብዳቤ «ንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር» የሚል ራስጌ ካለው ከድሮ ደብዳቤ የተገለበጠ ነው።

ሊንክ ያለበት መልእክት

አንዳንዱ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሊንክ ይልካል። ይህ ፊሺንግ ይባላል። የታወቀ ድረ ገጽ የሚመስል ሐሰተኛ ገጽ ከፍቶ የይለፍ ቃል፣ ፒን ወይም የአንድ ጊዜ ኮድ መሰብሰብ ማለት ነው።

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ በኢንተርኔት የሚሰጥበት ሥርዓት በተለምዶ ኢትሬድ ይባላል። አድራሻው «ኢትሬድ ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ» ነው። የመንግሥት ድረ ገጾች መጨረሻ «ጎቭ ዶት ኢቲ» ነው። ሐሰተኛው ገጽ ብዙ ጊዜ እነዚህን ቃላት ከፊት ይሰካቸውና መጨረሻውን ሌላ ያደርገዋል። ስለዚህ አድራሻ የሚመረመረው ከመጨረሻው ወደ ፊት ነው። ለዓይን የሚቀለው ግን መጀመሪያውን ማንበብ ነው፣ አታላዩም የሚተማመነው በዚህ ነው። ከሁሉ የሚሻለው በተላከ ሊንክ አለመግባት ነው። አድራሻውን ራስ ጽፎ መግባት አሥር ሰከንድ ቢወስድ ነው።

የአንድ ጊዜ ኮድ የሚባለው በስልክ የሚመጣው ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ባለቤቱ ራሱ መሆኑን የሚያረጋግጥበት ስለሆነ፣ «የመጣልዎትን ኮድ ይንገሩኝ» የሚል ሰው ማንም ይሁን ማን በባለቤቱ ስም ሊገባ ነው። የወረዳ ሠራተኛ ነኝ ቢልም ያው ነው።

«ቲኔን እንዴት አወቁት?»

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ደዋዩ በጨዋ ድምፅ ይጀምራል፦ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ከንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። ቲንዎ ይሄ ነው አይደል? የንግድ ስምዎም ይሄ ነው?» ሁሉም ትክክል ነው። ነጋዴው በልቡ «ቢሮ ባይሆኑ ይህን ከየት ያመጡታል?» ይላል።

ከደረሰኙ ያመጡታል። ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣ እያንዳንዱ ደረሰኝ ራስጌው ላይ የድርጅቱ ስም፣ ቲንና አድራሻ ታትሞበታል። አንድ ለስላሳ የገዛ ሰው ይህን ሁሉ በኪሱ ይዞ ይወጣል። ሌላው ምንጭ ግድግዳው ነው። ነጋዴው ፈቃዱን በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲሰቅል ሕግ ያስገድደዋል። ሕጉ ይህን ያለው ለሸማቹ ጥቅም ነው፣ ትክክልም ነው። ግን በስልክ ፎቶ ለማንሳት ሁለት ሰከንድ ይበቃል። ሦስተኛው ራሱ ኢትሬድ ነው። ማንም ሰው ቲን ወይም የፈቃድ ቁጥር አስገብቶ ፈቃዱ የታደሰ መሆን አለመሆኑን ማየት ይችላል። ይህ ለግልጽነት የተሠራ ጥሩ አገልግሎት ነው። ያላሳደሰውን ፈልጎ ለሚደውል አታላይም እኩል ያገለግላል።

በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የግለሰብን መረጃ ይጠብቃል። ሆኖም የነጋዴ ስምና ቲን ለሕዝብ ክፍት የሆነው በዓላማ ነው። ሸማቹ ከማን እንደገዛ ማወቅ አለበት። ስለዚህ መፍትሔው ቲንን መደበቅ ሊሆን አይችልም። ቲንን ማወቅ እንደ መታወቂያ እንዳይቆጠር ማድረግ ነው። ከዚህ በኋላ «ቲንዎ ይሄ ነው» ለሚል ሰው መልሱ «አዎ፣ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል» መሆን አለበት።

በሕጋዊና በሕገወጥ መካከል ያሉት

ሁሉም አሳሳች ማሳሰቢያ ወንጀል አይደለም። አንዳንዱ አገልግሎት የሚሸጥ ድርጅት ደብዳቤ ነው። ድርጅቱ ፈቃዱን በእርግጥም ሊያሳድስ ይችላል። ችግሩ ደብዳቤው የመንግሥት ጥሪ መስሎ መዘጋጀቱ ነው። ባንዲራ የሚመስል ቀለም፣ ክብ ማህተም፣ «የመጨረሻ ማሳሰቢያ» የሚል ርዕስ። ከታች በደቃቅ ፊደል «የማማከር አገልግሎት» ይላል።

ይህ ዓይነቱ ነገር በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። በአውስትራሊያ የንግድ ስም ምዝገባ የሚታደሰው ለ1 ወይም ለ3 ዓመት ሲሆን፣ ተቆጣጣሪው ኮሚሽን በስሙ ስለሚላኩ ሐሰተኛ የእድሳት ኢሜይሎች ነጋዴውን ያስጠነቅቃል። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ለንግድ ምልክት ባለቤቶች ከግል ድርጅቶች ስለሚላኩ አሳሳች የክፍያ ጥያቄዎች ማስጠንቀቂያ ያወጣል። የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ የመንግሥት የሚመስል ደብዳቤ የሚልክ የግል ድርጅት የመንግሥት አለመሆኑን በግልጽ እንዲጽፍ ያስገድዳል።

በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች የንግድ ማስታወቂያን ይከለክላል። ከዚያ አልፎ ሐሰት ነግሮ ገንዘብ የወሰደ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ስለ አታላይነት በተደነገገው ይጠየቃል። በኮምፒዩተር የተፈጸመ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። የሕግ እጥረት የለም። አስቸጋሪው በመሃል ያለው ነው፣ ውሸት ያልተናገረ ግን እውነቱን በደቃቅ ፊደል የጻፈ። በእኔ ግምት እዚህ ላይ የካሊፎርኒያው መንገድ ያዋጣል። ደብዳቤውን ከመከልከል ይልቅ «ይህ የመንግሥት ደብዳቤ አይደለም» የሚል መስመር ከላይ በትልቁ እንዲጻፍ ማስገደድ ለቁጥጥርም ለነጋዴውም ይቀላል።

ጉዳይ አስፈጻሚ ይቅር ወይ?

በዚህ ክርክር አንዱ ወገን «ችግሩ ሁሉ ደላላ ነው፣ ነጋዴው ራሱ ይጨርስ» ይላል። ኢትሬድ የተሠራውም ሰውን ከቢሮ በር ለማራቅና እጅ መንሻን ለመቀነስ ነው፣ ስለዚህ መሃል የሚገባ ሰው መኖሩ ዓላማውን ያፈርሳል የሚል መከራከሪያ ነው። ክብደት አለው።

ሌላው ወገን የሚለውም ሐሰት አይደለም። በስማርት ስልክ ሰነድ መጫን የማይችል፣ ኢሜይል ከፍቶ የማያውቅ፣ ወይም እንጀራ ሸጣ የምታድር እናት «ራስዎ ይሙሉት» ቢባሉ «ተዉት» እንደ ማለት ነው። ለእነሱ የፎቶኮፒ ቤቱ ልጅ ሥርዓቱን የሚያስገባቸው በር ነው። ጥቂት ብር ተቀብሎ ግማሽ ቀን ያተርፍላቸዋል።

ስለዚህ ጥያቄው ሰው ይርዳኝ ወይስ አይርዳኝ አይደለም። በረዳው ሰው እጅ ላይ ምን ይቀራል ነው። በብዙ ቦታ የሚሆነው እንዲህ ነው። ልጁ የነጋዴውን የኢትሬድ መለያ በራሱ ኢሜይልና በራሱ ስልክ ቁጥር ይከፍታል። ለጊዜው ይቀላል። በሚቀጥለው ዓመት ግን ከሥርዓቱ የሚመጣው ማሳወቂያ ሁሉ ወደ ልጁ ስልክ ይሄዳል። ልጁ ሰፈር ከቀየረ ነጋዴው የራሱን መለያ መክፈት አይችልም። እውነተኛው ማሳወቂያ አይደርሰውም፣ ሐሰተኛው ግን በራሱ ስልክ ይደርሰዋል። ከዚህ የባሰ አቀማመጥ ማሰብ ይከብዳል።

መውጫው ከባድ አይደለም። መለያው በባለቤቱ ስልክ ይከፈት፣ የይለፍ ቃሉ ባለቤቱ ጋ ይቅር፣ ልጁ ከጎን ሆኖ ይሙላ። ክፍያውን ባለቤቱ ከራሱ ስልክ ይፈጽም። ነገሩ በወኪል ብቻ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ ውክልና አለ፣ የወኪሉን ሥልጣን በጽሑፍ መወሰን የሚቻልበት። የቃል አደራ ግን ገንዘብ ሲጠፋ የሚያስጠይቀው ነገር ትንሽ ነው።

አዲስ ፈቃድ በእጅ ሲገባ ላዩ ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ፣ ማለትም ያንን ባለ ነጠብጣብ አራት ማዕዘን፣ በስልክ ማንበብ ወይም በኢትሬድ ላይ በቲን ማየት ይገባል። ወረቀት ማተም ለማንም ይቻላል። በሥርዓቱ ውስጥ «ታድሷል» ማሰኘት ግን በፎቶኮፒ ቤት ማተሚያ አይሆንም።

ቢሮዎቹም ድርሻ አላቸው

ነጋዴውን «ተጠንቀቅ» ማለት ቀላል ነው። ግን እውነተኛው ማሳሰቢያ ራሱ እንዴት እንደሚመጣ እንይ። አንዴ በቴሌግራም ገጽ፣ አንዴ በሞንታርቦ፣ አንዴ የደንብ ልብስ ባልለበሰ ሠራተኛ፣ አንዴ በር ላይ በተለጠፈ ማህተሙ በደበዘዘ ወረቀት። እውነተኛው እንዲህ ከሆነ ሐሰተኛውን መለየት የነጋዴው ብቻ ሥራ ሊሆን አይችልም። ቢሮዎች «በብዙ መንገድ የምናሳውቀው ሁሉም ሰው ዘንድ እንዲደርስ ነው» ሊሉ ይችላሉ። ኢንተርኔት የማይጠቀም ነጋዴ በበዛበት አካባቢ ይህ ምክንያት ነው። ዋጋው ግን አለ። መንገዱ በበዛ ቁጥር አስመሳይ የሚገባበት ቀዳዳም ይበዛል።

መሃል ያለው መንገድ የማሳወቂያውን ቦታ ማብዛት፣ የክፍያውን ቦታ ግን አንድ ማድረግ ነው። ሞንታርቦውም ይጩህ፣ ወረቀቱም ይለጠፍ፣ ግን አንዳቸውም የሒሳብ ቁጥር አይያዙ። «ማሳሰቢያ ላይ የክፍያ ቁጥር ካየህ የእኛ አይደለም» የሚል አንድ ደንብ ቢኖር፣ ማንበብ ለሚከብደው ሰው እንኳ በቃል ሊነገር ይችላል። ወሰን በተለወጠባቸው ሰፈሮች ደግሞ ሁለቱም አስተዳደሮች የትኛው መንገድ የማን እንደሆነ በሱቁ ደረጃ ቢያሳውቁ «እንደገና ተመዝገቡ» የሚለው ደብዳቤ ግማሽ ጉልበቱን ያጣል።

ገንዘቡ ከተላከ በኋላ

የተሸወደ ሰው ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፣ ያፍራል። ዝምታው ሁለት ነገር ያስከትላል፣ ገንዘቡን የማስያዝ ዕድል በየደቂቃው ይቀንሳል፣ ያው ቁጥር ለጎረቤትም ይደውላል።

በቴሌብር የተላከ ከሆነ ወዲያው 127 መደወል፣ በንግድ ባንክ ከሆነ 951። የግብይት ቁጥሩን፣ የተቀባዩን ስምና ሰዓቱን ማዘጋጀት ያስፈልጋል። መልእክቱን ማጥፋት የለበትም፣ ስክሪንሾት አንስቶ ከነቁጥሩ ለፖሊስ ማቅረብ አለበት። በሊንክ ገብቶ ፒን ወይም የይለፍ ቃል የሰጠ ሰው ሁሉንም በዚያው ሰዓት መቀየር ይኖርበታል። ያንኑ የይለፍ ቃል በሌላ ቦታ ከተጠቀመበት እዚያም።

ከዚህ ሁሉ ጋር የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ለአታላይ የከፈለ ነጋዴ ፈቃዱ የታደሰለት ስለሚመስለው ሌላ ነገር አያደርግም። ታህሳስ 30 ያልፋል፣ ቅጣት መቆጠር ይጀምራል። በባንክ ብድር ወይም በጨረታ ጉዳይ ፈቃዱ ሲጠየቅ ነው ያልታደሰ መሆኑን የሚያውቀው። ስለዚህ ከፖሊስ ጣቢያ ሲወጣ የሚቀጥለው ሥራ ቲኑን ኢትሬድ ላይ አስገብቶ ፈቃዱ ያለበትን ማየት፣ ካልታደሰም ክሊራንሱን ይዞ በትክክለኛው መንገድ ማመልከት ነው።